ስለ እንቅልፍ ልክና ስለ ጉለሌ ሌሊት

ዳግማዊ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ዘውድ በጫኑበት ዘመን፥ ከተራራው በታች በጉለሌ የሌሊቱ ብርሃን የምድጃ እሳትና ጧፍ ነበረ፤ ስለዚህ ሰው በጊዜ ይተኛ ነበር። ካህናቱም አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ የደረሰውን ሰዓታት ሊቆሙ በሌሊት ሲነሡ፥ አስቀድመው የተኙት እንቅልፍ ያግዛቸው ነበር።

ኋላ በቤተ መንግሥት የጀመረው የኤሌክትሪክ መብራት በከተማው ሲስፋፋ የመኝታው ሰዓት እየመሸ ሄደ፤ የመነሻው ሰዓት ግን አልተለወጠም። ደወሉ በሌሊት ይደወላል፤ ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ እንጨት ተሸክመው ሲወርዱ የኖሩ ሴቶችም ጎሕ ሳይቀድ ይነሡ ነበር።

ሐኪሞች ለጎልማሳ ሰው በየቀኑ ከ7 ሰዓት የማያንስ እንቅልፍ ያሻዋል ይላሉ። እንቅልፍም አንድ ዓይነት አይደለም፤ በ90 ደቂቃ ገደማ እየከበደና እየቀለለ ይመላለሳል፤ ከከባዱ በድንገት የተቀሰቀሰ ሰው ዓይኑ ቢገለጥም ሰውነቱ ገና አልነቃም።

እንግዲህ በማኅሌት መካከል መቋሚያውን ተደግፎ የሚያንቀላፋውን ሐኬተኛ ነው ብሎ መፍረድ አይገባም፤ አስቀድሞ በስንት ሰዓት እንደ ተኛ መጠየቅ ይሻላል። ሌሊት መነሣትን ከአባቶች የወረሰ፥ በጊዜ መተኛትንም አብሮ ሊወርስ ይገባዋል።