የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ

በሰሜን ኢትዮጵያ በስፋት የሚገኝ፣ ደለል ተጠራቅሞና ተጣብቆ የፈጠረው የአለት ንጣፍ መጠሪያ ነው። ስያሜውን የሰጠው እንግሊዛዊው የሥነ ምድር ሊቅ ዊልያም ብላንፎርድ ነው። ብላንፎርድ በ1868 እ.ኤ.አ. አፄ ቴዎድሮስን ለመውጋት ወደ መቅደላ ከዘመተው የጄኔራል ናፒየር ጦር ጋር ተጉዟል፤ በጉዞው ያየውንም በ1870 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አሳትሟል። ጦሩ ያለፈባቸውን ከተሞች ስም ለአለቶች ሰጠ፤ በአሸዋ ድንጋዩ ላይ የተነጠፈው የኖራ ድንጋይም «የእንጣሎ» የተባለው በዚሁ መንገድ ነው። የአዲግራት ከተማ ስም ራሱ ትግርኛ ሲሆን «ዓዲ» አገር ወይም መንደር፣ «ግራት» ደግሞ የእርሻ ማሳ ማለት ነው።

አለቱ በአብዛኛው የኳርትዝ አሸዋ ነው። የጥንት ወንዞች አሸዋውን አምጥተው ከመሩት፤ በላዩ የተጫነው ክብደትና በውኃ የሟሙ ማዕድናት አጣበቁት። ቀይና ቢጫ መልኩ ከብረት ኦክሳይድ የመጣ ነው። ዕድሜው በትራያሲክና በጁራሲክ ዘመናት ይመደባል። ከዚያ በኋላ ባሕር ምድሩን ሲያጥለቀልቅ የእንጣሎው ኖራ ድንጋይ ተነጠፈበት።

ስሙ ዛሬ ከትውልድ ቦታው ርቆ በዓባይ ሸለቆ ላሉ ተመሳሳይ አለቶችም ያገለግላል። ይሁን እንጂ አለቱ ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው እዚያው በሰሜን ኢትዮጵያ፣ በገርዓልታ ገደሎች ነው። ለመፈልፈል የሚመች፣ ሆኖም ቆሞ የሚቀር በመሆኑ አባቶች አብያተ ክርስቲያናትን ፈልፍለውበታል።