አልጋ ማንጠፍ ለመማር ባሕር ማዶ

አዘጋጆቹ «ከታሪክ የሆነ ነገር ጻፊልን» ሲሉኝ ስለ ሕክምና ታሪክ የምጽፍ መስሏቸው ነበር። እኔ ግን ስለ ሆቴል ልጽፍ ነው። «ሐኪም ከሆቴል ጋር ምን አገናኛት?» የምትሉ ትንሽ ታገሱኝ።

በእኛ ጊዜ የሆቴል ተማሪዎች ለትምህርት ጉብኝት ወደ ውጭ ሊሄዱ ነው ከተባለ ካምፓሱ በቀልድ ይሞላ ነበር። «አልጋ ለማንጠፍም ፓስፖርት ያስፈልጋል እንዴ?» ይባላል። ነገሩ ቀልድ ይምሰል እንጂ ቁም ነገር አለበት። እንግዳ መቀበል ከእናት ጓዳ የሚወረስ ነው ወይስ አገር አቋርጠው የሚማሩት ሙያ? መልሱን ለማግኘት ወደ ስዊዘርላንድ ልውሰዳችሁ። (የውጭዎቹን ዓመታት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው።)

ሴዛር ሪትዝ በ1850 ኒደርዋልድ በምትባል የተራራ መንደር ከገበሬ ቤት ተወለደ። ለቤቱ 13ኛ ልጅ ነው። በልጅነቱ የተቀጠረበት ሆቴል ለዚህ ሙያ አልተፈጠርክም ብሎ እንዳሰናበተው ይተረካል። እሱ ግን ተስፋ አልቆረጠም፤ ትልቁ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን በተካሄደበት በ1867 ፓሪስ ገባ፣ በ1873 ደግሞ ለሌላ ኤግዚቢሽን ቪየና ሄደ። ያኔ የሆቴል ትምህርት ቤት የሚባል ነገር አልነበረም። ትምህርት ቤቱ መንገዱ ራሱ ነበር። ከታች ጀምሮ እየሠራ፣ የየአገሩን ሰው ቋንቋና አመል አጠና።

ሪጊ ተራራ ላይ በሚገኘው ሆቴል ሲሠራ የሆነው እስከ ዛሬ ይወራለታል። በብርድ ቀን ማሞቂያው ተበላሸ። ወዲያው ደግሞ ወደ አርባ የሚጠጉ አሜሪካውያን ለምሳ እየመጡ እንደሆነ ተሰማ። ሪትዝ ጡብ አስግሎ በጨርቅ አስጠቀለለና እያንዳንዱ እንግዳ እግር ሥር አስቀመጠ። እንግዶቹ ሞቋቸው በሉ። ይቅርታ ከመጠየቅ በፊት የሰውየውን እግር ማሞቅ! ተረኛ ሆና ላደረች ሐኪም ይህ ትልቅ ትምህርት ነው።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ በ1898 ፓሪስ ላይ የከፈተው ሆቴል ነው። ሮበርት ኮህ የሳንባ ነቀርሳን ባክቴሪያ ያሳወቀው በ1882 ነበር። ሪትዝ አቧራና ጀርም የሚይዘውን የግድግዳ ወረቀት ትቶ ግድግዳውን ቀለም አስቀባ፤ ለክፍሎቹም የየራሳቸውን መታጠቢያ አሠራ። ከቅንጦቱ ጀርባ የንጽሕና ትምህርት ነበረበት ማለት ነው።

እስከዚያው ድረስ አገሩ ስዊዘርላንድ በእንግዳ ተጥለቅልቃለች። ቶማስ ኩክ በ1863 የመጀመሪያዎቹን እንግሊዛውያን ጎብኚዎች ይዞ መጣ፤ በ1871 ባቡር ሪጊ ተራራ ላይ ወጣ። ሆቴሎቹ ሲበዙ የሠለጠነ ሰው ጠፋ። ስለዚህ በ1893 ዣክ ቹሚ የተባለ የሆቴል ባለሙያ ሎዛን ውስጥ፣ በአንድ ሆቴል ክፍል፣ 27 ተማሪዎችን ይዞ የዓለምን የመጀመሪያ የሆቴል ትምህርት ቤት ጀመረ። ዛሬ ከብዙ አገር የሚመጡ ተማሪዎች እዚያ አስተዳደር ከመማራቸው በፊት ወጥ ቤት ይገባሉ፣ ምግብ ያቀርባሉ፣ ያጸዳሉ። ነገ የሚያዙትን ሥራ ዛሬ በእጃቸው ይሠሩታል።

በዚያው አገር፣ በዚያው ዘመን፣ የእኛም ሙያ ሆቴል መሳይ ቤት ነበረው። በዳቮስ ተራራ ላይ የሳንባ ነቀርሳ በሽተኞች በረንዳ ላይ ተጋድመው ንጹሕ አየር ይስቡ ነበር፤ ያኔ ሌላ መድኃኒት የለም። በ1900 የተከፈተው ሻትዛልፕ ሳናቶሪየም ከእነዚህ አንዱ ነው። በ1940ዎቹ ስትሬፕቶማይሲን ሲገኝ የሳናቶሪየሞቹ ዘመን አበቃና ሻትዛልፕ ሆቴል ሆነ። ትናንት በሽተኛ ይተኛበት የነበረው በረንዳ ላይ ዛሬ ቱሪስት ፀሐይ ይሞቃል። «ሆስፒታል»ም «ሆቴል»ም የመጡት ሆስፔስ ከሚለው የላቲን ቃል ነው፤ ትርጉሙም እንግዳም፣ እንግዳ ተቀባይም ማለት ነው። የአንድ እናት ልጆች ናቸው።

የሪትዝ መጨረሻ ደግሞ ሁለቱን ቤቶች መልሶ ያገናኛቸዋል። በ1902 የእንግሊዙ ንጉሥ ኤድዋርድ 7ኛ ዘውድ ሊጭን ሁለት ቀን ሲቀረው በትርፍ አንጀት በሽታ ተይዞ ኦፕሬሽን ተደረገ። ለበዓሉ ለንደን ላይ ስንት የደከመው ሪትዝ በዓሉ መተላለፉን ሲሰማ ወደቀ። አእምሮው ከዚያ በኋላ በደንብ አላገገመም። የመጨረሻ ዓመታቱን በሕክምና ተቋም አሳልፎ በ1918 አረፈ። ዕድሜ ልኩን ሰው ያስተናገደው ሰው በመጨረሻ በሌሎች እጅ የሚስተናገድ በሽተኛ ሆነ።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ እቴጌ ጣይቱ በ1898 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሆቴል ሲያቋቁሙ ሰዉ ከፍሎ መብላትን አልለመደም ነበር። «የእግዜር እንግዳ ነኝ፣ መሽቶብኛል» ያለን ሰው ሒሳብ መጠየቅ ነውር በሆነበት አገር ምን ይደረግ? ሲነገር እንደኖረው፣ አፄ ምኒልክ ራሳቸው በልተው እየከፈሉ መኳንንቱን አለማመዱ። እንግዳ አክባሪነቱ ከጥንትም ነበረን። የማናውቀውን ሰው በየቀኑ፣ በብዛት፣ ሳይሰለቹ ማስተናገድ ግን ሌላ ሙያ ነው። ሪትዝም የለፋው፣ የሎዛን ተማሪዎችም አገር አቋርጠው የሚሄዱት ለዚህ ነው።

አሁን ሐኪሟ ትናገር። ከገጠር ሌሊቱን ተጉዞ የመጣ በሽተኛ በራችን ላይ ምን ያገኛል? ካርድ ክፍሉ የት እንደሆነ የሚነግረው የለም። አስታማሚው መሬት ላይ ያድራል። ጠዋት ራውንድ ላይ ስንቆም «የአልጋ ቁጥር ስድስት» እንለዋለን እንጂ በስሙ አንጠራውም። እርግጥ ነው አልጋ ያንሳል፣ መድኃኒት ያልቃል፣ ተረኛው አንድ በሽተኛው መቶ ነው። ቢሆንም ቀና ብሎ ማየትና «እዚህ ጋ ይቀመጡ እናቴ፣ ተራዎ ሲደርስ እጠራዎታለሁ» ማለት በጀት አይጠይቅም። ይህን አሳንሰን ማየት የለብንም። የፈራ በሽተኛ ሕመሙን ይደብቃል፤ የተናቀ በሽተኛ ለቀጠሮው አይመለስም፤ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒቱን ያቋርጣል። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ዋርድ ውስጥ አይተነዋል።

ስለዚህ ለማኅበራችን አንድ ሐሳብ አለኝ። ባሕር ማዶ መሄድ እንኳ አያስፈልግም። የሆቴል ትምህርት ክፍል ልጆቻችን የተማሩትን ይዘው ለአንድ ሳምንት ወደ ሆስፒታል ይምጡ፣ ከበሩ እስከ አልጋው ያለውን መንገድ ከበሽተኛው ጋር ይሂዱና ያዩትን ይንገሩን። የሕክምና ተማሪዎቻችን ደግሞ ዋርድ ከመግባታቸው በፊት አንድ ቀን ካርድ ክፍሉ ፊት ለፊት ይሰለፉ፣ አንድ ቀን አልጋ ያንጥፉ። ሎዛን ከመቶ ዓመት በላይ የሠራችበት ዘዴ ነው፣ ለእኛም አያንሰንም።

ለከርሞ በጤና ያገናኘን።