የትኛው ዘይቱን? ከመዲና ገበያ እስከ አንደሉስ ማዕድ ቤት



ሱረቱ አት-ቲንን በቃሉ የማይዝ የመድረሳ ልጅ ማግኘት ይከብዳል። አላህ በቲን እና በዘይቱን የሚምልባት አጭር ሱራ ናት። ታዲያ አንድን የከተማ ልጅ «ዘይቱን ምንድን ነው?» ብትሉት ብዙ ጊዜ ጣቱን ወደ ጁስ ቤት ይቀስራል። አይፈረድበትም። በእኛ ገበያ ዘይቱን ማለት ያ ፍሬው ጥርስ ውስጥ የሚሰነቀር፣ ሽታው ቤት የሚሞላ ፍራፍሬ ነው፤ ሌላው ዓለም ጉዋቫ የሚለው። ነገር ግን የጉዋቫ አገሩ ሞቃታማው አሜሪካ ነው። ወደ እኛ ዓለም የተሻገረው እ.ኤ.አ. ከ1492 በኋላ ነው፤ ቁርኣን ከወረደ ከስምንት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ማለት ነው። የቁርኣኑ ዘይቱን ሌላ ዛፍ ነው፤ የቅርብ ዘመዱም በተራሮቻችን ላይ የሚበቅለው ወይራ ነው።

ይህ ዛፍ በቁርኣን ውስጥ በስሙ ስድስት ቦታ ተጠቅሷል። በሱረቱል ሙእሚኑን ደግሞ ስሙ ሳይነሳ፣ ከሲና ተራራ የሚወጣ፣ ቅባትና ለበዪዎች ማባያ የሚሰጥ ዛፍ ተብሎ ተገልጿል። «ማባያ» የሚለው ላይ ትንሽ ቆም እንበል። ዛሬ ስለ ዘይቱን ዘይት ሲወራ ወሬው ሁሉ ስለ መድኃኒት ነው። ለመጀመሪያዎቹ ሙስሊሞች ግን ከሁሉ በፊት ዳቦ የሚነከርበት ምግብ ነበር። ቲርሚዚ የዘገቡት ታዋቂ ሐዲስም ቢሆን መብላቱን ከመቀባቱ ያስቀድማል።

መዲና የተምር አገር ናት እንጂ የዘይቱን አገር አይደለችም። ዘይቱ የሚመጣው ከሻም ነበር። ሰሂህ አል-ቡኻሪ ውስጥ ዐብደላህ ኢብኑ አቢ አውፋ (ረ.ዐ) እንደሚነግሩን፣ ሰሃቦች ለሻም ነበጦች ገንዘቡን አስቀድመው እየከፈሉ ስንዴ፣ ገብስና ዘይት በቁርጥ ቀን ይረከቡ ነበር። ፊቅህ የቀራችሁ ይህ «ሰለም» የሚባለው ውል መሆኑን ወዲያው ታውቃላችሁ። ዛሬ ሸቀጥ ከመምጣቱ በፊት ለሚከፍል ነጋዴ መነሻ የሆነው ማስረጃ በከፊል የቆመው በዘይት ንግድ ላይ ነው።

ዘይቱ የሀብታም ምግብ ነበር ብላችሁም አታስቡ። ዛሬ በከተማችን አንድ ጠርሙስ የዘይቱን ዘይት የስንት ቀን አስቤዛ ይሆናል፤ በዚያን ዘመን በሒጃዝ የሚከበረው ግን ልክ እንደ እኛ አገር ቅቤ ነበር። በ18ኛው ዓመተ ሂጅራ ዐረቢያን የመታው ድርቅ «ዓሙ ረማዳ» (የአመድ ዓመት) ይባላል። የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚዘግቡት ኸሊፋው ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) ሕዝቡ ቅቤ እስኪያገኝ ድረስ ቅቤ በራሳቸው ላይ ከለከሉ። ዘይት ብቻ እየበሉ ሆዳቸው ይጮህ፣ መልካቸውም ይጠቁር ነበር። የሙእሚኖች መሪ በችግር ዓመት የሚበሉት የድሃ ማባያ ነበር እንግዲህ።

ፍሬውን ከዛፉ ቀጥፎ የነከሰ ሰው ወዲያው ይተፋዋል፤ ከመራራነቱ የተነሳ። አረንጓዴውና ጥቁሩም ሁለት ዓይነት ዛፍ አይደሉም፤ አንዱ ያልበሰለ፣ ሌላው የበሰለ ነው። ለመብላት ለሳምንታት ብሎም ለወራት በውኃና በጨው ይዘፈዘፋል። ዘይት ለማውጣት ደግሞ ፍሬው ከነፍሬው ዘሩ በድንጋይ ወፍጮ ይደቅቃል፣ ሊጡ በተጠላለፈ ሰሌን ላይ ተዘርግቶ ይጨመቃል፣ ከዚያ ዘይቱ ከውኃው ላይ ይንሳፈፋል። እሳት አያስፈልገውም።

ይህን ሙያ በትልቁ የያዙት የአንደሉስ ሙስሊሞች ናቸው። ዛፉን እነሱ አላመጡትም፤ ከእነሱ በፊት ሮማውያን ተክለውታል። ሙስሊሞቹ ግን እርሻውን አስፋፉት፣ በመጽሐፍም አሰፈሩት። በ12ኛው ክፍለ ዘመን የሴቪያው ኢብኑል ዐዋም ስለ እርሻ በጻፉት ግዙፍ መጽሐፍ ስለ ዘይቱን አተካከልና አያያዝ በሰፊው አስተምረዋል። ከከተማዋ በስተምዕራብ ያለው «አሽ-ሸረፍ» የተባለው ኮረብታማ አገር በዘይቱን ደኑ የታወቀ ነበር፤ ዛሬም ስፔናውያን አልሐራፌ ይሉታል። ቋንቋቸውን ብትሰሙ ደግሞ ታሪኩ በአፋቸው ላይ አለ። ዘይትን «አሴይቴ»፣ ፍሬውን «አሴይቱና»፣ መጭመቂያውን «አልማሳራ» ይላሉ፤ ሦስቱም ዐረብኛ ናቸው። የዛፉ ስም ብቻ «ኦሊቮ» ተብሎ ላቲን ሆኖ ቀረ። ተክሉ የሮማ፣ ሙያው የሙስሊሞች እንደማለት ነው።

ግራናዳ በ1492 ከወደቀች በኋላ ይኸው ዘይት ሰው የሚያስጠረጥር ሆነ። በግድ እንዲጠመቁ የተደረጉ ሙስሊሞችና አይሁዶች በጓሮ የሚጠበቁት በጸሎታቸው ብቻ አልነበረም፤ በድስታቸውም ነበር። በአሳማ ስብ ፋንታ በዘይት የሚጠብስ ቤት «አሮጌውን እምነት አልተወም» ተብሎ ለኢንኩዊዚሽን ፍርድ ቤት ሊጠቆም ይችል ነበር። የጥብሱ ሽታ ከመስኮት ሲወጣ የአንዲት እናት ልብ ምን ያህል እንደሚመታ አስቡት! በ1609 ተጀምሮ እስከ 1614 በዘለቀው ማባረር የቀሩት ሙስሊሞች ከአገሪቱ ተጠርገው ሲወጡ ዘይቱኑ እዚያው ቀረ። ዛሬ ከዓለም ከፍተኛውን የዘይቱን ዘይት የምታመርተው ስፔን ናት።

ወደ መድኃኒቱ እንምጣ፤ ብዙዎቻችሁ የምትጠብቁት ይህን ነውና። በ751 ዓ.ሂ. የሞቱት ኢማም ኢብኑል ቀይም (ረሂመሁላህ) «ዛዱል መዓድ» ውስጥ ስለ ዘይት ሲጽፉ መጀመሪያ የሚጠይቁት «የትኛው ዘይት?» ብለው ነው። ከበሰለው የተጨመቀው አንድ ጠባይ አለው፣ ካልበሰለው ሌላ፤ ሲያረጅም ይለወጣል። የጨው ውኃው ለእሳት ቃጠሎና ለድድ፣ ቅጠሉ ለቆሸሸ ቁስል እንደሚረዳ ይዘረዝራሉ። በማላጋ ተወልደው በ1248 ደማስቆ ላይ የሞቱት ኢብኑል በይጧርም ስለ 1,400 ያህል መድኃኒቶችና ምግቦች በጻፉት መጽሐፍ እያንዳንዱን ነገር ከነጥቅሙ፣ ከነጉዳቱ ያስቀምጣሉ። የ«ሙቀትና ቅዝቃዜ» ሕክምናቸው ዛሬ ቦታ የለውም፤ ጠንቃቃነታቸው ግን ዛሬም ያስፈልገናል። በየቴሌግራሙ «ስኳር፣ ግፊት፣ ካንሰር፣ ሲሕር ያድናል» እየተባለ የሚሸጠው ጠርሙስ ከእነዚህ ዑለማዎች አነጋገር በጣም የራቀ ነው። በዚህ ወሬ ኢንሱሊኑን የተወ ሰው ኃላፊነቱን ማን ይወስድለታል?

በዘመናችን ስፔን ውስጥ ለልብ ሕመም በተጋለጡ 7,447 ሰዎች ላይ ትልቅ ጥናት ተደርጎ ነበር። በ2013 ታትሞ፣ በአሠራሩ ላይ ጥያቄ ስለተነሳ በ2018 እንደገና ተሰልቶ ወጣ። የዘይቱን ዘይት ከአትክልት፣ ከጥራጥሬና ከዓሣ ጋር አዘውትረው የበሉት በልብና በስትሮክ አደጋ የተጠቁት በቁጥር ያነሱ ሆኑ። ያውም በማንኪያ እንደ ሽሮፕ ጠጥተው ሳይሆን ከምግብ ጋር በልተው ነው።

ዘይቱን ለሰውነት የሚሰጠው ሌላው ነገር ሳሙና ነው። የፍልስጤሟ ነብሉስ ከዘይቱን ዘይት፣ ከውኃና ከአልካሊ ሳሙና ስትሠራ ዘመናት አልፈዋል። እየተቆረጠ እንደ ማማ ተደርድሮ አየር ላይ ይደርቃል። ሙያው በ2024 በዩኔስኮ መዝገብ ገብቷል።

የእኛው ወይራ ፍሬው ትንሽ፣ ሥጋውም ስስ ስለሆነ ዘይት አይወጣውም። ግን «ዘይት» የምንለው ቃል ራሱ በግዕዝ የዚህ ዛፍና የቅባቱ ስም ነበር፤ ኑግና ሱፍ ኋላ ተጋሩት። እናቶቻችንም ከፍሬው ያጡትን ከእንጨቱ አገኙት፦ ጭሱ የወተት ዕቃ ማጠኛ፣ ቀጭን ቅርንጫፉ የጥርስ መፋቂያ ሆነ። በየገበያው በእስር እየተሸጠ ለውዱእ ሰዓት ኪስ ውስጥ የምትይዙት መፋቂያ ከወይራ ከሆነ፣ የቁርኣኑ ዘይቱን ዘመድ ነው።