አስቀድሞ የተሰጠ መልስ፦ በራስ-ሰር የስርዓተ ክወና ጭነት ውስጥ የአስተዳዳሪው ፈቃድ የት ይቀመጣል?

ስርዓተ ክወና ጭኖ የሚያውቅ ሰው የመጫኛውን ጥያቄዎች ያውቃቸዋል፤ ቋንቋው ምን ይሁን፣ ሰዓቱ የየት አገር ይሁን፣ ዲስኩ እንዴት ይከፈል፣ የይለፍ ቃሉ ምን ይሁን። ማሽኑ አንድ ሲሆን ጥያቄዎቹ አይከብዱም። በአርባ ኮምፒውተሮች ቤተ ሙከራ ግን የሚጭነው ሰው ይሰለቻል፤ ሲሰለች ይሳሳታል፤ አርባኛው ማሽንም የመጀመሪያውን ሳይመስል ይቀራል። መድኃኒቱ የታወቀ ነው፦ መልሶቹን በአንድ የጽሑፍ ፋይል አስፍሮ መጫኛው ከዚያ እንዲያነብ ማድረግ። በዚህ አሠራር ላይ የሚጻፈው ሁሉ ማለት ይቻላል የሚያወድሰው የሚቆጥበውን ጊዜ ነው። ከጥያቄዎቹ አንዷ ግን ከሌሎቹ ትለያለች፤ «በዚህ ዲስክ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል፣ ልቀጥል?» የምትለዋ። ለእሷ አስቀድሞ መልስ መስጠት ገና ላልታየ ዲስክ ፈቃድ መስጠት ነው። የዚህ መጣጥፍ ክርክር የመልስ ፋይል ሥርዓቶችን መመዘን ያለብን ያንን ፈቃድ የት እንዳስቀመጡት በማየት ነው የሚል ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ሰን ማይክሮሲስተምስ ለሶላሪስ ያዘጋጀው ጃምፕስታርት በ1990ዎቹ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ይሠራበት ነበር፤ የትኛው ማሽን ምን እንደሚጫንበት የሚወስነው የደንብ ፋይልም በመመርመሪያ ስክሪፕት ካላለፈ ሥራ ላይ አይውልም ነበር። ሬድ ሃት ኪክስታርትን፣ ሱሴ አውቶያስትን፣ ዴቢያን ፕሪሲድን አመጡ። በ1999 ቶማስ ላንገ በኮሎኝ ዩኒቨርሲቲ ፋይ የተባለውን ሥርዓት ጀመረ፤ ማሽኖችን በክፍል በክፍል መድቦ ለየክፍሉ ውቅር መስጠት የሥርዓቱ ዋና ሐሳብ ነው። ማይክሮሶፍት ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ የድሮውን የጽሑፍ ፋይል በኤክስኤምኤል ተካው። ኡቡንቱ ደግሞ በ20.04 የሰርቨር ዕትሙ አውቶኢንስቶል የተባለ በያምል የሚጻፍ ፋይል አስገባ።

ፈቃዱን በተመለከተ ግን እነዚህ ሥርዓቶች በጣም ይለያያሉ። በኪክስታርት ክፋዮችን የሚያጠፋው ክሊርፓርት የተባለው ትእዛዝ ነው፤ ካልተጻፈ ምንም አይጠፋም። ይህ ጥሩ ጅምር ነው። ችግሩ ብዙ ሰው ትእዛዙን «ሁሉንም» ከሚለው አማራጭ ጋር መጻፉ ነው። «ሁሉንም» ሲባል መጫኛው ሊደርስበት የሚችለው ዲስክ ሁሉ ማለት ነው፤ በኔትወርክ የተገናኘ የጋራ ማከማቻም ቢሆን አይቀርለትም። «የመጀመሪያው ዲስክ» ብሎ መወሰንም አያድንም፤ ኤስዲኤ፣ ኤስዲቢ የሚባሉት ስሞች ከርነሉ ዲስኮቹን ባገኘበት ቅደም ተከተል የሚሰጡ ናቸውና ዛሬ ኤስዲኤ የተባለው ነገ ፍላሽ ሊሆን ይችላል። ጠንቃቃ ጸሐፊ ዲስኩን በመለያ ቁጥሩ ይጠራል፤ ሌላውን ሁሉ መጫኛው እንዳይነካ ያዛል።

የዴቢያን ፕሪሲድ ማረጋገጫዎቹን በታትኗቸዋል፤ ክፍፍሉን ለመምረጥ፣ ለውጡን ለመጻፍ፣ የቀድሞውን ለመሻር ለየብቻ መልስ ይፈልጋል። አንዱ ከተረሳ መጫኛው ቆሞ ይጠይቃል። አስተዳዳሪዎች በዚህ ያማርራሉ፤ እኔ ግን ጥሩ ጠባዩ ይህ ይመስለኛል። ጥቅሙን የሚያጠፋው ልማዳችን ነው፤ ማረጋገጫዎቹ ሁሉ «አዎ» የተባሉበትን የሌላ ሰው ፋይል ሳናነብ እንገለብጣለን።

ከሁሉም በደንብ የታሰበበት የኡቡንቱው ነው። የመልስ ፋይሉ በፍላሹ ላይ ቢገኝም፣ ማሽኑ ሲነሳ በከርነሉ የትእዛዝ መስመር ላይ አውቶኢንስቶል የሚለው ቃል ካልተጻፈ መጫኛው ዲስኩን ከመንካቱ በፊት አዎ ወይም አይ እንዲባል ይጠብቃል። ፈቃዱ በሁለት ቦታ ተከፈለ ማለት ነው፤ ግማሹ በፋይሉ፣ ግማሹ በአነሳሱ። ጠረጴዛ ላይ የተረሳ ፍላሽ በባልደረባ ላፕቶፕ ላይ ቢነሳ ቢያንስ ይጠይቃል። የዊንዶውስ መጫኛ ግን የተወሰነ ስም ያለውን ፋይል በተሰኩት ተነቃይ ዲስኮች ላይ ራሱ ፈልጎ ያነባል፤ ፋይሉ ዲስኩ ይጥረግ ካለ ይጠርጋል።

ፈቃድ ግን ሌላም ወገን አለው፦ ለማን ነው የተሰጠው? በግንቦት 2014 በአሜሪካ አትላንታ በሚገኘው ኤሞሪ ዩኒቨርሲቲ የሆነው ይህን ያሳያል። የዊንዶውስ 7 የጭነት ሥራ በስህተት ለዩኒቨርሲቲው የዊንዶውስ ማሽኖች በሙሉ ተላከ፤ ሥራው የሚጀምረው ዲስክን ከፋፍሎ ፎርማት በማድረግ ነበር። ላፕቶፖችና ዴስክቶፖች ብቻ ሳይሆኑ ሰርቨሮችም ደረሳቸው። ስህተቱ ታውቆ አሰራጩ ሰርቨር ሲዘጋ እሱ ራሱ ፎርማት ተደርጎ ነበር። ጭነቱ እንደታዘዘው ሠርቷል፤ የተሳሳተው አድራሻው ነው። በትንሽ ቤተ ሙከራም መልኩን ቀይሮ ይደርሳል፦ ሁልጊዜ ከኔትወርክ እንዲነሳ የተደረገ ማሽን ጭነቱን ጨርሶ ሲነሳ እንደገና መጫን ይጀምራል፣ ማቆሚያም የለውም። ኮብለር የተባለው መሣሪያ አንድ ማሽን አንዴ ከተጫነ በኋላ የኔትወርክ ጭነቱን የሚዘጋ ቅንብር የያዘው ለዚህ ነው።

የኔትወርክ አነሳሱ ሌላም ድክመት አለበት። ማሽኑ በዲኤችሲፒ አድራሻ ይጠይቃል፣ የሚያነሳውን ፋይል ስም ይቀበላል፣ ከዚያም ብዙውን ጊዜ በቲኤፍቲፒ ያወርዳል። ይህ ፕሮቶኮል (ሥራ ላይ ያለው ደረጃው በ1992 የወጣው አርኤፍሲ 1350 ነው) የተጠቃሚ ስምም የይለፍ ቃልም አይጠይቅም። ጠያቂው መላሹን አያውቀውም፤ የመልስ ፋይሉን ለማየት የፈለገም የሚከለክለው የለም። ስለዚህ በፋይሉ ውስጥ ምስጢር መጻፍ አይገባም። በዊንዶውስ ፋይል ውስጥ የይለፍ ቃሉ «ተደብቋል» ሲባል በቤዝ64 ተጽፏል ማለት ብቻ ነው፤ ያንን መፍታት የደቂቃ ሥራ ነው። ኪክስታርትና ፕሪሲድ የይለፍ ቃሉን ሃሽ መቀበላቸው ይሻላል፤ ግን ሃሹም ቢሆን ደካማ ከሆነ የይለፍ ቃል ከተሠራ ይሰበራል።

ይህ ሁሉ ስጋት ካለ የተዘጋጀ ማሽን ዲስክ ገልብጦ ማባዛት አይሻልም ወይ? አይሻልም። የዲስክ ግልባጭ ውስጡን አያሳይም፤ ማን መቼ ምን እንደጨመረበት ማንበብ አይቻልም። የመልስ ፋይል ግን በጊት ይቀመጣል፣ ከትናንቱ ጋር ይነጻጸራል፣ ባልደረባ ያርመዋል። ግልባጭ የማሽኑን መታወቂያም ያባዛል፤ በሲስተምዲ የሚሠሩ ሊኑክሶች አንድ የማሽን መለያ ሲጋሩ ከዲኤችሲፒ አንድ ዓይነት አድራሻ የሚወስዱበት ጊዜ አለ። ከጭነቱ በኋላ ያለው ሕይወት ሌላ ጥናት ነው። ማርክ በርጅስ በ1993 የጀመረው ሲኤፍኤንጂን ማሽኑን ቀስ በቀስ ወደ ታሰበው ሁኔታ ማቅረብን መረጠ፤ ስቲቭ ትራውጎትና ላንስ ብራውን ደግሞ በ2002 ባቀረቡት ጽሑፍ ሁለት ማሽኖች አንድ ሆነው እንዲኖሩ ለውጦቹ በአንድ ቅደም ተከተል መፈጸም አለባቸው ብለው ተከራከሩ። ሁለቱም ወገኖች የታወቀ መነሻ ይፈልጋሉ፤ የመልስ ፋይል የሚሰጠው ያንን ነው።

ለአገራችን ሙያተኞች ሁለት ነገር ልጨምር። ከበይነመረብ የተገለበጠ ፋይል የሰዓት ክልሉ የሌላ አገር ነው፤ አፍሪካ/አዲስ አበባ በሚለው ይተካ። የአማርኛ ኪቦርድ ሲጨመርም የላቲኑ ይቅደም፤ የዲስክ ምስጠራው የይለፍ ቃል የሚጠየቀው የኪቦርድ መቀያየሪያው ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሊሆን ይችላል። ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት ቦታ ደግሞ ጥቅሎቹን በግቢው ውስጥ ባለ ሰርቨር ላይ ማስቀመጥ የግድ ነው፤ አርባ ማሽን አንዱን ጥቅል አርባ ጊዜ ከውጭ ማውረድ የለበትም።

በፌዶራ ወይም በሬድ ሃት ቤተሰብ የሚሠራ አንባቢ ከባዶ መጀመር አያስፈልገውም። አናኮንዳ የተባለው መጫኛ ማንኛውንም ጭነት ሲጨርስ የተሰጡትን መልሶች በኪክስታርት መልክ ጽፎ በሩት ማኅደር ውስጥ ያስቀምጣል። ያንን ፋይል ከፍተው ያንብቡት፤ በመጀመሪያ ግን ክሊርፓርት የሚለውን መስመር ይፈልጉ።