ኳትሮ ከበረዶ ሜዳ እስከ ቤተሰብ መኪና

ለዘወትር የምትሆን፣ በአራቱም ጎማ የምትነዳ ፈጣን መኪና ምረጥልኝ ለሚለኝ ሁሉ ወሬዬን የምጀምረው እ.ኤ.አ. ከ1977 ነው። በዚያ ክረምት የአውዲ መሐንዲሶች ፊንላንድ ውስጥ ሲፈትኑ፣ 75 የፈረስ ጉልበት ያላት በአራቱም ጎማ የምትነዳው ወታደራዊቷ መኪና ኢልቲስ በበረዶ ላይ ጉልበተኞቹን መኪኖች በለጠቻቸው። ከዚያ ሐሳብ የተነሣችው የአውዲ መኪና ኳትሮ በ1980 በጄኔቫ የመኪና ትርኢት ላይ ቀረበች። እኔን የሚማርከኝ ካምቢዮዋ ነው፤ ውስጡ ክፍት የሆነ ዘንግ ኃይሉን ወደ ፊትም ወደ ኋላም ስለሚልክ ከባድ ማከፋፈያ ሳጥን አላስፈለጋትም። በዓመቱ የራሊ ነጂዋ ሚሼል ሙቶን በሳንሬሞ ራሊ አሸነፈችባት። ኳትሮ ግን ሁለት በር ብቻ ነበራት። ልጆችና ሻንጣ ላለው ሰው ትክክለኛዋ በ1994 ገበያ የወጣችው፣ ከፖርሽ ጋር የተሠራችው ባለ 315 የፈረስ ጉልበቷ የአውዲ አርኤስ 2 ናት፤ ኋላዋ ሰፊ፣ ፍሬኗም አስተማማኝ።