ከአንዲት ዶሮ እስከ አንዲት ክኒን

ሰሞኑን አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ በውስጥ መስመር ጻፈችልኝ። እናቷ ሥር የሰደደ ማይሎይድ ሉኬሚያ የሚባል የደም ካንሰር ተገኝቶባቸው፣ ኢማቲኒብ የምትባል ክኒን በየቀኑ እንዲውጡ ታዞላቸዋል። «ቲቸር፣ ካንሰር በክኒን ይያዛል እንዴ? ወይስ ሊያጽናኑን ነው? እማዬ ደግሞ "ምን በድዬ ነው?" እያለች ታለቅሳለች» አለችኝ። መልሱ ረዘም ያለ ታሪክ ስላለው እዚሁ ለሁላችሁም ላውጋችሁ። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የሚጀምረው ከዶሮ ነው። በ1909 ኒውዮርክ፣ ሮክፌለር ኢንስቲትዩት ውስጥ ለሚሠራው ለፔይተን ራውስ ደረቷ ላይ እባጭ ያወጣች ዶሮ መጣችለት። ራውስ እባጩን ፈጭቶ፣ ሴል በማያሳልፍ ማጣሪያ አጥልሎ፣ የወጣውን ፈሳሽ ጤነኛ ዶሮዎችን ወጋበት። እነሱም ካንሰር ያዛቸው! ከሴል ያነሰ ነገር፣ ማለትም ቫይረስ፣ ካንሰር አመጣ ማለት ነው። ይህንን በ1911 ቢያሳትምም ብዙዎች «የዶሮ ጉዳይ ነው» ብለው አለፉት። የኖቤል ሽልማቱን ያገኘው በ1966፣ በ87 ዓመቱ ነው።

ኋላ ላይ ቫይረሱ ካንሰር የሚያመጣው ሳርክ በተባለች አንዲት ጂን እንደሆነ ታወቀ። በ1976 ደግሞ ሳን ፍራንሲስኮ ያሉት ማይክል ቢሾፕና ሃሮልድ ቫርመስ ከባልደረቦቻቸው ጋር ጉዱን አወጡት፦ የሳርክ እናት ጂን በጤነኛ ዶሮ ሴል ውስጥም አለች። ቫይረሱ ከዶሮዋ ወስዶ ነው የያዛት። ቆይቶ እኛም ውስጥ እንዳለች ታየ። ሁለቱ በ1989 ኖቤል ተሸለሙ።

ታዲያ እንዲህ ያለች ጂን ጤነኛ ሴል ውስጥ ምን ትሠራለች? ሴሎች ዝም ብለው አይኖሩም፤ «እደግ»፣ «ተከፈል»፣ «በቃ አቁም» የሚል መልእክት ይቀባበላሉ። መልእክቱ ከሴሉ ሽፋን ወደ ውስጥ የሚደርሰው በፕሮቲኖች ቅብብሎሽ ነው። ካይኔዝ የሚባሉት ፕሮቲኖች በሌላው ፕሮቲን ላይ ፎስፌት ይለጥፋሉ። ይህቺ ፎስፌት እንደ ማብሪያና ማጥፊያ ትሠራለች። የሳርክ ፕሮቲን ካይኔዝ እንደሆነ በ1978 ታወቀ።

በዚያን ጊዜ ፎስፌት የሚለጠፍባቸው ተብለው የሚታወቁት ሴሪንና ትሪዮኒን የተባሉት አሚኖ አሲዶች ነበሩ። በ1979 ካሊፎርኒያ፣ ሳልክ ኢንስቲትዩት ውስጥ ቶኒ ሃንተር የቫይረስ የካንሰር ፕሮቲኖችን ሲመረምር አዲስ በፈር ማዘጋጀት ሰለቸውና አሮጌውን ተጠቀመ። የበፈሩ ፒኤች ከ1.9 ወደ 1.7 ወርዶ ኖሯል። በዚህች ትንሽ ልዩነት፣ አንድ ላይ ተደርበው ይታዩ የነበሩ ነጠብጣቦች ተለያዩ። አዲሱ ነጠብጣብ ታይሮሲን ሆኖ ተገኘ። ሳርክም የምትለጥፈው እዚያው ታይሮሲን ላይ ነበር። (ተማሪዎቼ፣ ይህንን ሰምታችሁ ላብ ውስጥ አሮጌ በፈር እንዳትጠቀሙ! ሃንተርን ያስመሰገነው ስንፍናው ሳይሆን ያልጠበቀውን ነጠብጣብ ንቆ አለማለፉ ነው።)

አሁን ወደ ተማሪዬ እናት እንምጣ። በ1960 ፊላደልፊያ ውስጥ ፒተር ኖዌልና ዴቪድ ሃንገርፎርድ ይህ የደም ካንሰር ባለባቸው ሰዎች ሴል ውስጥ ከልኩ ያጠረ ክሮሞዞም አዩ። በ1973 ጃኔት ራውሊ ቺካጎ ላይ ምክንያቱን አገኘችው፦ 9ኛውና 22ኛው ክሮሞዞም ቁራጭ ተለዋውጠዋል። በዚህ ልውውጥ ሁለት ጂኖች ተጋጥመው አንድ የታይሮሲን ካይኔዝ ይወለዳል፤ ማጥፊያው የተበላሸ። ሴሉ ሌት ተቀን «ተከፈል፣ ተከፈል» የሚል ትእዛዝ ይሰማል።

ካይኔዝ ፎስፌቱን የሚወስደው ኤቲፒ ከሚባል ሞለኪውል ነው። በስዊዘርላንዱ ሲባ-ጋይጊ ኩባንያ ኒኮላስ ላይደንና ባልደረቦቹ የኤቲፒን መቀመጫ ቀድሞ የሚይዝ ውህድ ሠሩ። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ብራያን ድሩከር በዚህ በሽታ ሴሎች ላይ ሞከረው፤ በ1998 ለሕመምተኞች መሰጠት ተጀመረ። በመጀመሪያው ሙከራ በቀን 300 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ከወሰዱ 54 ሰዎች የ53ቱ የደም ሴል ቁጥር ወደ ልኩ ተመለሰ። በግንቦት 2001 አሜሪካ ፈቀደችው። ከራውስ ዶሮ እስከዚህ ድረስ 92 ዓመት!

እና ልጄ፣ አዎ፣ ይያዛል። ማጽናኛ ብቻ አይደለም። አንዳንዱ ሰው ላይ በሽታው መድኃኒቱን ይለምደዋል፤ ያኔ ሌላ መድኃኒት ይሞከራል፤ ክትትሉ ለዚህ ነው። ክኒኗ ግን ማጥፊያው የተበላሸውን ካይኔዝ ይዛ ነው የምታቆየው፤ «ተሽሎኛል» ብለው በራሳቸው እንዳያቋርጧት አደራሽን።

እናትሽ «ምን በድዬ ነው?» ላሉት ደግሞ እንዲህ በያቸው፦ ምንም። እርግማን አይደለም፤ ተላላፊም አይደለም፤ ከወላጅ የወረሱት ወይም ለልጆቻቸው የሚያወርሱትም አይደለም። በአንድ የመቅኒ ሴል ውስጥ ሁለት ክሮሞዞሞች ተሰብረው ሲጠገኑ ቦታ ተሳሳቱ፤ ይኸው ነው። ጎረቤት እንዳይሰማ ብለው የሚደብቁትም ነገር አይደለም።

እግዜር ይማርልሽ።