«ሙሉ ዋስትና» የማይሸፍነው

ማለዳ ከኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ወደ መሀል አዲስ አበባ የሚወጣ መኪና ሞተሩ መንገድ ላይ ቢቆም፣ ባለቤቱ ቶሎ የሚያስታውሰው «ሙሉ ዋስትና» የተባለውን የኢንሹራንስ ወረቀት ነው። ወረቀቱ ግን አይደርስለትም። ግጭትን፣ መገልበጥን፣ ቃጠሎንና ስርቆትን ይሸፍናል፤ እርጅናና የሞተር ወይም የኤሌክትሪክ ብልሽት ግን በተለመደው ውል የተገለሉ ናቸው።

ግራ መጋባቱ ከቃሉ ይጀምራል። ለኢንሹራንሱም፣ ለፋብሪካው ጋራንቲም፣ እስረኛ ለሚያስፈታውም አንድ ቃል እንጠቀማለን፤ ዋስትና። ሕጉ ግን በ1952 ዓ.ም. ለይቷቸዋል። ኢንሹራንስ በንግድ ሕጉ፣ የተሸጠ ዕቃ ጉድለት በፍትሐ ብሔር ሕጉ ተደነገገ።

ከዚያ ወዲህ ያደገው ኢንሹራንሱ ነው። በ1967 ተወረሰ፣ በ1986 ለግል ባለሀብት ተከፈተ፣ በኋላም የሦስተኛ ወገን መድን ግዴታ ሆነ። አዋጅ 799/2005 ለሞተ ሰው ካሳውን በ40,000 ብር ሲገድብ ለንብረት ጉዳት እስከ 100,000 ፈቀደ። የመኪና ኮፈን ከሰው ሕይወት የተሻለ ዋጋ ያወጣበት ዘመን ነበር ማለት ነው!

ጋራንቲው ግን ሥር አልሰደደም። አብዛኛው መኪና ሌላ አገር አገልግሎ፣ የፋብሪካው ጊዜ አልፎበት የሚገባ ነበር። የባለመኪናው ዋስ ሰፈሩ ያለው መካኒክና የሶማሌ ተራ መለዋወጫ ነበሩ። በ2012 የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌውን መኪና እስከ 500 በመቶ ቀረጠ። በጥር 2016 ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ ከኤሌክትሪክ ውጪ የግል መኪና እንደማይገባ አስታወቁ።

እዚህ ላይ ነው የተረሳው ወረቀት ዋጋ ያወጣው። የኤሌክትሪክ መኪና ውዱ አካል ባትሪው ነው፤ ብዙ አምራቾች 8 ዓመት ወይም 160,000 ኪሎ ሜትር ዋስትና ይሰጡበታል። ሆኖም ይህ ቃል ብዙውን ጊዜ መኪናው በመጀመሪያ ለተሸጠበት አገር ነው። ለቻይና ገበያ ተሠርቶ በነጋዴ በኩል የገባ መኪና ባትሪው ሲደክም አምራቹ ላይመልስ ይችላል። ያኔ የሚቀረው የሻጩ ወረቀት ነው። እሱም ጎማን፣ የፍሬን ሸራንና ጎርፍ የነካውን አይጨምርም፤ መኪናው ሌላ ጋራዥ ከተፈታ የሚሰረዝም አለ።

የ2006ቱ የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ 813 ጉድለት ላገኘ ሸማች ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የሚጠይቅበትን 15 ቀን ሰጥቶ ነበር። ባትሪ በ15 ቀን አይደክምም። ስለዚህ ቀብድ ከመክፈል በፊት የሚጠየቀው «ስንት ዓመት?» ብቻ አይደለም፤ ማን ፈረመው፣ የትኛው ጋራዥ ይሠራዋል፣ የባትሪው አቅም ስንት በመቶ ሲወርድ ይለወጣል የሚለውም ነው።